ቤቱ ሲታደስ እኛ እንዳናረጅ

በጡረታ ከተገለልኩ ዓመታት ቢቆጠሩም የሰፈሬ ሰው ዛሬም «ሲስተር» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ደም ግፊቱን ለመለካት፣ የልጁን ሳል ለማሳየት ወይም የታዘዘለትን መድኃኒት አወሳሰድ ለመጠየቅ ብቅ የሚል አይጠፋም። ታዲያ ካለፈው ዓመት በጋ ጀምሮ አንድ ዓይነት ስሞታ ደጋግሜ ሰማሁ። «ራሴን ያመኛል፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ፤ ልጆቼን ማናገር እንኳ ይሰለቸኛል» ይሉኛል። ሥራ ያላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ በጉልምስና ዕድሜ ያሉ ሰዎች ናቸው። «ቤት ውስጥ ምን አዲስ ነገር አለ?» ብዬ ስጠይቅ የብዙዎቹ መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ቤት እያሳደስን ነው።»

ቤት ማደስ የደስታ ነገር ነው። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ የደከመው ሰው ደከመኝ ለማለት ያፍራል። «ስንቱ ጎጆ አጥቶ ሲንከራተት እኔ በየት አፌ አማርራለሁ?» ብሎ ዝም ይላል። ዝም ያለ ሕመም ደግሞ ሥር ይሰድዳል።

ጉዳዩ የእኔንም ቤት አንኳኩቶ ስለነበር፣ ከሙያዬ የማውቀውንና በቤታችን ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ ላካፍላችሁ። ልጄም «ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ ጻፊው» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ድካምና ዝለት ለየቅል ናቸው

ድካም ሌሊቱን በደንብ ተኝተን፣ እሑድን አርፈን ስንነሣ ይለቀናል። ዝለት ግን ተኝተውም አይለቅም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚህ ነገር ሲጽፉ መነሻቸው ነፃ ሕክምና በሚሰጥ ክሊኒክ ውስጥ ሌት ተቀን የሚለፉ ሠራተኞች ነበሩ። በተረኝነት ሌሊቱን አንግተን፣ ጠዋት ደግሞ ቤታችን ሌላ ሥራ ይጠብቀን የነበርን ነርሶች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል። በሽታ ብሎ አልፈረጀውም፤ በአግባቡ ሳይያዝ ከቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ይለዋል። ሦስት ገጽታዎችም አሉት። አንደኛው አቅም ሙልጭ ብሎ ማለቅ ነው። ሁለተኛው ከሥራው በሐሳብ መራቅ፣ ሥራውን መጥላትና በሥራው ላይ እምነት ማጣት ነው። ሦስተኛው የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ የሌለው መምሰሉ፣ ውጤታማነትም መቀነሱ ነው።

ድርጅቱ ቃሉን የሚጠቀመው ለሥራ ቦታ ብቻ ነው። ነገር ግን ሰው አንድ ነው። ቢሮ የደከመው አእምሮ ቤት ሲገባ ማረፊያ ካጣ ነገ ወደ ቢሮ የሚመለሰው ከነድካሙ ነው።

እድሳት ለምን ያዝላል?

የእኛ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። የምኖረው ከልጄ፣ ከባለቤቷና ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር ነው። ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ሁለት ክረምት ስላለፈው በጥር 2017 ዓ.ም. እድሳት ተጀመረ። የታሰበው ቆርቆሮውን መቀየር፣ ግድግዳውን መለሰን፣ ወለሉን ሴራሚክ ማንጠፍ፣ ወጥ ቤቱንና መጸዳጃውን መሥራት ነበር። «ለፋሲካ ያልቃል» ተባለ።

ሚያዝያ ሲገባ ግማሹ እንኳ አላለቀም። ግድግዳው ሲነካ ማገሩን ምስጥ በልቶት ተገኘ። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አልረጋ ስላለ፣ ታኅሣሥ ላይ የጠየቅነው ዋጋ መጋቢት ላይ አልጠበቀንም። በዓል ሲደርስ ደግሞ ሠራተኞቹ አገራቸው ገቡ።

ልጄ ባንክ ነው የምትሠራው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ የልጆቹን ምሳ ታዘጋጃለች። የምሳ ሰዓቷን ቀለምና ቧንቧ ፍለጋ ትዞርበታለች። ደንበኛ ፊቷ ቆሞ ግንበኛው ይደውላል፤ «አሸዋ አልቋል፣ ምን እናድርግ?» ማታ ቤት ስትገባ አልጋው ላይ አቧራ፣ ሳሎኑ ውስጥ ብሎኬት አለ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ እስከ 6 ሰዓት ሒሳብ ትደምራለች። ማረፊያ የሚባል ቦታ የላትም። ውሳኔው አያልቅም፤ ገንዘቡም በየቀኑ ይወጣል። እድሳትን ከሌላ ሥራ የሚለዩት እነዚህ ሦስት ነገሮች ይመስሉኛል።

ከዚያ ምልክቶቹ መጡ። ቡና ላይ መቀመጥ ተወች። ትንሹ ልጇ ሲያቅፋት ሰውነቷ ይደርቃል። ግፊቷን በተለያዩ ሦስት ቀናት ለካሁት፤ ከ150 በ95 አልወርድ አለ። ከ140 በ90 ጀምሮ ያለው፣ በተለያዩ ቀናት ሲደጋገም፣ ከፍተኛ ነው የሚባለው። በሦስተኛው ቀን ክንዷን ከመለኪያው ስፈታላት «እማዬ፣ ይሄ ቤት ጭራሽ ባይኖረን ይሻለን ነበር» አለችኝ። ይህን ያለችው ልጅ ተወልዳ ያደገችበትን ቤት ነው።

ማን ይቅደም?

በዚያው ሰሞን ሥራውን ከክረምት በፊት ለመጨረስ ሁለት ነገር ታስቦ ነበር፤ ከመሥሪያ ቤቷ ብድር መውሰድና ለመስከረም የተቀመጠውን የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ማንሣት። እሑድ ሦስታችን ቁጭ ብለን ተነጋገርን። አማቼ «ክረምት ሳይገባ ካላለቀ እስካሁን የተሠራውም በዝናብ ይበላሻል» አለ፤ እውነቱን ነው። ልጄ «ካቆምን ሠራተኞቹን እናጣለን፤ ዕቃውም ይወደዳል» አለች፤ እሷም እውነቷን ነው።

እኔ የነገርኳቸው ድንገተኛ ክፍል ስንሠራ የምንከተለውን ነው። አሥር ሕመምተኛ አንድ ላይ ቢመጣ የሚቀድመው ቀድሞ የደረሰው ወይም አብዝቶ የሚጮኸው ሳይሆን ቢቆይ የሚሞተው ነው። ስለዚህ ወረቀት አወጣንና የቀረውን ሥራ ሁሉ በሁለት ዓምድ ጻፍነው። «ቢቆይ የሚበላሽ» በሚለው ሥር ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ በምስጥ የተበላው ማገርና የኤሌክትሪክ መስመሩ ገቡ። «ቢቆይ የማይጎዳ» በሚለው ሥር ሴራሚኩ፣ የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን፣ የጅብሰም ኮርኒሱና ቀለሙ ገቡ። የመጀመሪያው ዓምድ በእጅ ባለው ገንዘብ የሚያልቅ ሆኖ ተገኘ። ብድሩም ቀረ፤ የትምህርት ቤቱም ገንዘብ አልተነካም።

ግንበኛው ሲነገረው ቅር አለው። የሠራው ተለክቶ፣ የእጅ ዋጋው እስከ መጨረሻዋ ብር ተከፍሎት፣ ሁለቱም ወገን ፈርመው በሰላም ተለያዩ። ውሳኔው ዋጋ አላስከፈለንም አልልም። ያልተገዛው ሴራሚክ ከዚያ ወዲህ ተወድዷል። እንግዳ ሲመጣም «እስካሁን አላለቀም?» የሚለውን ጥያቄ መስማት አለ። ግን በሰኔ ሒሳብ መዝጊያ፣ ባንክ ቤት ሁሉ በሚያመሽበት ወር፣ ልጄ ስትገባ የምትተኛበት ንጹሕ ክፍል ነበራት።

ገንዘቡን ሦስት ቦታ ክፈሉት

በቤታችን የሠራልንን ልንገራችሁ። ገንዘቡን ሦስት ቦታ ከፈልነው። የመጀመሪያው የማይነካው ነው፤ አስቤዛ፣ የትምህርት ቤት፣ የሕክምናና የእድር። ሁለተኛው የእድሳቱ ነው። ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው፤ በእኔ ግምት ለእድሳት ከታሰበው ከአምስት እጅ አንዱ ቢሆን ጥሩ ነው። የአሮጌ ቤት ግድግዳ ውስጡ ምን እንደያዘ የሚታወቀው ሲፈርስ ነውና። መጠባበቂያው ካለቀ ሥራው ይቁም እንጂ ከማይነካው አይወሰድ።

ለሠራተኛ ሙሉ ገንዘብ አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ሥራውን ከፋፍላችሁ፣ አንዱ ክፍል ሲያልቅ የአንዱን ክፈሉ። ቧንቧ ከሆነ ውኃ ተለቆበት ጥቂት ቀን እስኪታይ የተወሰነ ገንዘብ ይቆይ። ስምምነቱ አንድ ገጽ ብትሆንም በጽሑፍ ትሁን። ሲሚንቶ ይወደዳል ብላችሁ ለዓመት አታከማቹ፤ እርጥበት እየሳበ ጉልበቱን ያጣል። የምታስቀምጡትንም ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በጣውላ ላይ ይሁን። ዕጣው ባልወጣ እቁብ ዕቃ አትዘዙ።

ሒሳብ በየሌሊቱ አትደምሩ። እኛ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከእራት በፊት፣ ግማሽ ሰዓት መደብን። የሠራተኛ ስልክ የሚያነሣውም በሥራ ቀን አማቼ ብቻ ሆነ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ልጄን ግን ከሁሉ በላይ ያሳረፋት እሱ እንደሆነ ትናገራለች።

አቧራው፣ ቀለሙና ከሰሉ

እየኖሩበት የሚታደስ ቤት ለጤናም አደጋ አለው። በመጀመሪያ አንድ የመኝታ ክፍል ጨርሱና ዘግታችሁ ጠብቁት፤ ዕቃ ማከማቻ አታድርጉት። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በደረቁ አይፋቅ፤ ይርጠብ፤ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከአካባቢው ይራቁ። አቧራውም በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ቢነሣ ይሻላል፤ አስም ላለበት ሰው በተለይ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ የነካው ቦታ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ።

አንዱን ግን አደራ እላለሁ። አዲስ የተለሰነ ክፍል ቶሎ እንዲደርቅ ወይም ብርድ እንዳይሆን ብላችሁ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዳችሁ አትተኙ። ሽታ የሌለው ጭሱ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ለእኛ ለአያቶች

እኛ ብዙ ልናግዝ እንችላለን፤ ልጆችን ከትምህርት ቤት መቀበል፣ ሠራተኞቹን መከታተል፣ እራት ማድረስ። «እኛ በዘመናችን ይህን ሁሉ ያለ ማማረር ችለነዋል» የሚለውን ንግግር ግን ብንተወው መልካም ነው። የዛለን ሰው ያዋርደዋል እንጂ አያበረታውም። ከዚያ ይልቅ «ዛሬ ከየትኛው ልገላግልሽ?» የሚለው ጥያቄ ይሻላል።

የራሳችንንም ልክ እንወቅ። የስኳር፣ የግፊት፣ የጉልበት ሕመም ያለብን ነን። እኔ «ከሰኞ እስከ ኀሙስ ልጆቹ የእኔ ናቸው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ማረፊያዬ ነው» ብዬ ተናግሬ ነው የጀመርኩት። ተናግሮ መጀመር ኋላ ከመቀያየም ያድናል።

መቼ ወደ ሐኪም?

ሐዘን ወይም ቀድሞ ደስ ይል በነበረው ነገር ሁሉ ደስታ ማጣት ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ ነገሩ ከዝለት አልፎ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አስፈላጊ ሲሆን እንደ አማኑኤል ወዳለ የአእምሮ ሆስፒታል ይልኳችኋል። ደረት የሚያጠብቅ ሕመም፣ ድንገተኛ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መጎላደፍ ካለ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ለማስፈራራት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት። መጠጥና ጫት እንቅልፍንም ግፊትንም ስለሚያባብሱ መድኃኒት አይሆኑም።

ልጄን ሐኪሟ ጨው እንድትቀንስ፣ በእግር እንድትሄድና ግፊቷን በየሳምንቱ እንድትለካ አዘዛት። ነሐሴ ላይ 128 በ82 ደረሰ። በእረፍቱ ብቻ ወረደ አልልም፤ ጨውም እርምጃውም ድርሻ አላቸው። ክትትሏን ግን አላቋረጠችም፤ ወረደ ተብሎ አይተውምና።

ጣሪያው ክረምቱን አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። የወጥ ቤታችን ወለል ዛሬም ሊሾ ነው። ሴራሚኩ እቁቡ ሲደርስ ይነጠፋል፤ ያውም ልጄ የዓመት ፈቃድ ስትወጣ። ቤት እያሳደሳችሁ ያላችሁ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ወረቀት አውጡና ሁለቱን ዓምድ ጻፉ። ከዚያ በ«ቢቆይ የሚበላሽ» ሥር ከጣሪያውም ከማገሩም በፊት የራሳችሁን ስም አስቀድሙ።