የበሮቹ ዘመንና የጣና ነጭ ዓሣ

ጎጃምን ከብቦ የሚወርደው ዓባይ ከጣና ስንት ውኃ ይዞ እንደሚነሣ እስከ 1988 ዓ.ም. ድረስ የሚወስነው ክረምቱ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ማመንጫም ቢሆን 11.4 ሜጋ ዋቱን የሚያገኘው ወንዙ ካመጣው ውኃ ተሻምቶ ነበር። በ1988 ባሕር ዳር አጠገብ የጨራ ጨራ ግድብ በሁለት በሮች ሲሠራ ውሳኔው ወደ ሰው እጅ ገባ፤ በ1993 አምስት በሮች ተጨመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ድርቁና ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውኃ ተደራርበው የሐይቁን ከፍታ ወደ 1784.4 ሜትር አወረዱት። ደንገሉ ደረቀ፣ ጀልባዎችም መሬት ነኩ።

የነጭ ዓሣው ውድቀት ግን ከዚህ ይቀድማል። 15 ያህል ዝርያዎች ያሉት ይህ የዓሣ ስብስብ፣ የፊሊፒንሱ ላናው ሐይቅ የራሱን ካጣ ወዲህ በዓለም አቻ የለውም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተር ጀልባና መረብ ገቡ፤ የንግድ ምርቱም ከ39 ቶን ተነሥቶ በአሥር ዓመት ውስጥ 360 ቶን ደረሰ። ከ1983 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ጠቅላላ ክብደት በ75 በመቶ አሽቆለቆለ። ነሐሴ ላይ በጉማራና በርብ ወንዞች አፍ ተሰብስበው ሲጠብቁ መረቡ ቀድሞ ይጠብቃቸው ነበርና፣ የመጀመሪያው ጥፋት የበሮቹ አይደለም።

በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ማመንጫ ሲመረቅ የሐይቁ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ዞረ፤ የጢስ እሳት ፏፏቴም ሳሳ። ፏፏቴውና ከሥሩ ያለው ወንዝ በሕይወት እንዲቆዩ በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም የተፈጥሮ ፍሰቱ 22 በመቶ፣ እንደሚያስፈልግ ያኔ ተሰልቷል።

አሁን የሚያሳስበኝ ከሐይቁ በላይ ያለው ነው። 234 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚይዘው የርብ ግድብ ዓሣው ከሚወጣባቸው ወንዞች በአንዱ ላይ ቆሟል። ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ላይ፣ ንጹሕና ፈጣን ውኃ ውስጥ ነው፤ ጊዜውም ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። ግድቡ የሚሞላውም በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ሆኖም ዝናቡ ገና ስላልወጣ ገበሬው የመስኖ ውኃ አይሻም። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ጠጠሩን ሸፍኖ የሚሄድ፣ በአንድ ጊዜ የማይጨምርና የማይቋረጥ ውኃ መልቀቅ ከማንም ማሳ ላይ አይነጥቅም፤ የሚያዘገየው የግድቡን መሙላት ብቻ ነው።