ርዕሰ መስተዳድራችንን ማን ይመርጣል? ስለ ሁለተኛዋ የምርጫ ወረቀት



በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖር አንድ ወንድም ስልክ ደወለልኝ። ከምርጫ ጣቢያ መመለሱ ነበር። «ፓስተር፣ ዛሬ የግዛታችንን ገዥ መረጥን፤ ሴናተርም መረጥን። እናንተስ የክልላችሁን ፕሬዚዳንት መቼ ነው የምትመርጡት?» አለኝ። «እኛ በቀጥታ አንመርጥም» ስለው «ታዲያ ማን ይመርጠዋል?» ብሎ ጠየቀ።

ለእርሱ በአጭሩ መለስኩለት፤ ጥያቄው ግን ከእኔ አልወጣም። በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ እዚህ መንዝ ያሉትን ወገኖች ያንኑ ጠየቅኋቸው። አንዱ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሾመዋል» አለ። ሌላው «ፓርቲው ነው» አለ። አንዲት እናታችን ደግሞ «የሚሾምም የሚሽርም እግዚአብሔር ነው» አሉ። የእናታችን መልስ እውነት ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር በእጃችን ያስቀመጠውን ነገር ሳናውቀው እንድንጥለው አይፈልግም። የክልሉን ምክር ቤት የጠራ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

እኔም ከእነርሱ አልሻልም። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ሁለት ወረቀት ሲሰጠኝ የመጀመሪያውን በጥንቃቄ አንብቤ፣ ሁለተኛውን ሳላነብ ምልክት አድርጌበት ኮሮጆው ውስጥ ጨምሬ ወጣሁ። «ዋናው የአዲስ አበባው ነው» ብዬ አስቤ ነበር። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ያ አስተሳሰቤ ስሕተት እንደነበረ ስለተረዳሁ ነው።

1. ጥንት ገዥና ሴናተር እንዴት ይመጡ ነበር?

መንዝ የሸዋ ገዥዎች ዘር ከነጋሢ ክርስቶስ ጀምሮ የወጣበት ምድር ነው። በዚያ ዘመን ገዥነት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ ከላይ ይሾም ነበር እንጂ ሕዝብ አይመርጠውም ነበር።

ብዙዎቻችን ኢትዮጵያም ሴናተሮች እንደነበሯት አናውቅም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቁሞ ነበር። አንደኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲሆን በሌላው ዓለም ሴኔት የሚባለው ነው። ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ የመጀመሪያው ምርጫም ከዚያ በኋላ ተካሄደ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ግን እስከ መጨረሻው የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። እንግዲህ አባቶቻችን ገዥም ሆነ ሴናተር የመምረጥ ዕድል አልነበራቸውም።

2. ዛሬስ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አገሪቱን ፌዴራላዊ አደረጋት። ሕዝብ በየአምስት ዓመቱ እንዲመርጥም ደነገገ። በጠቅላላ ምርጫ ቀን በክልል የሚኖር መራጭ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል።

የመጀመሪያዋ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ናት። የአማራ ክልል በዚያ ምክር ቤት 138 መቀመጫ ተመድቦለታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከዚህ ምክር ቤት ነው።

ሁለተኛዋ ለክልል ምክር ቤት ናት። ባሕር ዳር የሚሰበሰበው የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ይህ ምክር ቤት ነው፤ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው።

አሁን ልብ በሉ! ሜሪላንድ ያለው ወንድማችን ገዥውንና ሴናተሩን ለየብቻ በቀጥታ ይመርጣል። እኛ ግን ሁለቱንም የምንመርጠው በዚህች በሁለተኛዋ ወረቀት፣ በተወካዮቻችን እጅ ነው። እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ እንመልከት።

3. ርዕሰ መስተዳድሩ

በክልሉ ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ዕጩ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም ድምፅ ሰጥቶ ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል። ርዕሰ መስተዳድሩ ካቢኔውን አቅርቦ ያስጸድቃል። የሰሜን ሸዋ ዞን አስተዳዳሪም ሥልጣኑ የሚመነጨው ከዚያው ከክልሉ ነው፤ ዞናችን ራሱን የቻለ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም።

ይህ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት የቅርቡን ታሪክ አስታውሱ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. የተመረጠው ምክር ቤት መጀመሪያ አቶ ገዱ አንዳርጋቸው እንዲቀጥሉ መረጠ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዶክተር አምባቸው መኮንንን መረጠ። እርሳቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ በተገደሉ ጊዜ በሐምሌ ወር አቶ ተመስገን ጥሩነህን መረጠ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ አቶ አገኘሁ ተሻገርን መረጠ።

እናንተ ስንት ጊዜ መረጣችሁ? አንድ ጊዜ። ምክር ቤቱ ግን በእናንተ ስም አራት ጊዜ መረጠ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተመረጠው ምክር ቤትም በመስከረም 2014 ዓ.ም. ዶክተር ይልቃል ከፋለን፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አቶ አረጋ ከበደን መረጠ። አንዲት ምልክት በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ትሠራለች ማለት ነው። ያውም እናንተ በማትገኙበት፣ ባላሰባችሁት ቀን።

4. «ሴናተሮቻችን»

ከአሜሪካ ሴኔት ጋር የሚቀራረበው የእኛ ተቋም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሆኖም ልዩነት አለው። በአሜሪካ ግዛቱ ትልቅም ሆነ ትንሽ ሁለት ሴናተር ይልካል፤ በናይጄሪያ ከ36ቱ ግዛቶች እያንዳንዱ ሦስት ይልካል። በእኛ አንቀጽ 61 ግን መለኪያው ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ነው። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመራል።

እነዚህን አባላት የሚመርጠው የክልል ምክር ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱ ከፈለገ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ማድረግም እንደሚችል ይናገራል። የተለመደው አሠራር ግን ምክር ቤቶቹ ራሳቸው መርጠው መላክ ነው። ይህ በዓለም ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። አሜሪካኖችም እስከ 1913 እ.ኤ.አ. ድረስ ሴናተሮቻቸውን የሚመርጡላቸው የግዛት ምክር ቤቶች ነበሩ። ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ነው በቀጥታ መምረጥ የጀመሩት።

ታዲያ ይህ ምክር ቤት ምን ይሠራል? ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል። በክልሎች መካከል የሚነሣ አለመግባባት እንዲፈታ ያደርጋል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል። ክልል ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ሲጥል ፌዴራል መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ ያዛል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ሲተላለፍ በሥራ ላይ የነበሩት ምክር ቤቶች እንዲቀጥሉ በሰኔ ወር የወሰነው እርሱ ነበር። ከላይ የጠቀስኳቸው አቶ አገኘሁ ተሻገርም በመስከረም 2014 ዓ.ም. የዚህ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ። ወደ ጤና ጣቢያችንና ወደ ትምህርት ቤታችን የሚደርሰው በጀት መንገዱን የሚጀምረው እንግዲህ ከዚያ ነው።

5. የጊሼ ገበሬ ምን አገባው?

«ይህ ሁሉ የከተማ ሰው ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ ቤታችሁ ያለውን የመሬት ይዞታ ደብተር አውጥታችሁ ተመልከቱት። መሬትን በሚመለከት ፌዴራል መንግሥት አጠቃላይ ሕግ ያወጣል፤ የሚያስተዳድረው ግን ክልል ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በብዙ ቦታ የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በክልሉ ሕግ የተደረገ ነው። ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው ሲሰጥ ያየ ሰው አይረሳውም። ከዚያ በኋላ የወጡት የገጠር መሬት አዋጆች፣ ቁጥር 133/1998ም ሆነ ቁጥር 252/2009፣ የክልሉ ምክር ቤት ያወጣቸው ናቸው። ማን ይወርሳል? ለስንት ዓመት ማከራየት ይቻላል? የሚስት ስም በደብተሩ ላይ ይገባል ወይ? ለዚህ ሁሉ መልሱ የሚጻፈው ባሕር ዳር ነው። የጸሎት ቤትና የመቃብር ቦታ ጥያቄያችንም ከክልሉ የመሬት አስተዳደር ውጭ አይታይም።

የመንዝ ሰው ደግሞ በተወካይ መተዳደርን ከመጽሐፍ አልተማረውም። የጓሳን ሜዳ አስቡት። አስቦና ጌራ የተባሉት ሁለት ወገኖች እያንዳንዳቸው አለቃ መርጠው፣ ሣሩ ለዓመታት ሳይታጨድና ሳይጋጥ እንዲጠበቅ ያደርጉ ነበር። ይህ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቆይቷል። አለቃው ከተመረጠ በኋላ ጓሳውን የሚዘጋውም የሚከፍተውም እርሱ ነበርና፣ ሰው በደንብ የሚያውቀውን እንጂ በስሙ ብቻ የሰማውን ቢመርጥ ለቤቱ ክዳን ሣር ያጣ ነበር። የክልል ምክር ቤት አባልም እንዲሁ ነው። እርሱን ስትመርጡ እርሱ የሚመርጣቸውንም አብራችሁ መምረጣችሁ ነው።

6. ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ሁለተኛዋን ወረቀት አንብቡ። ለክልሉ ምክር ቤት የቀረቡት እነማን እንደሆኑ ከምርጫው ቀን በፊት ጠይቁ። ሙሴ ሕዝቡን ከየነገዳቸው ጥበበኞችና አስተዋዮች የሆኑ፣ የታወቁም ሰዎች እንዲያቀርቡ እንደነገራቸው በዘዳግም ምዕራፍ 1 እናነባለን። «የታወቁ» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። ዕጩውን «ርዕሰ መስተዳድር ሲመረጥ ድምፅህን በምን መዝነህ ትሰጣለህ? ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤትስ ምን ዓይነት ሰው ትልካለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ነውር የለበትም።

ሁለተኛ፣ መርጣችሁ አትርሱት። የመረጠው ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ተጽፏል። ቢያንስ ስሙን እወቁ፤ አቤቱታችሁንም ለእርሱ አድርሱ።

ሦስተኛ፣ መድረካችንን ለማንም ፓርቲ አንስጥ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 በአምልኮ ቤቶች ውስጥ ቅስቀሳ ማድረግን ይከለክላል። ሕጉ ባይከለክልም እንኳ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተለያየ ምርጫ ያላቸው ወንድሞችና እኅቶች ይቀመጣሉ። እኔ እንደ እረኛ ወረቀቷ ምን እንደምትሠራ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ በማን ላይ ምልክት እንደምታደርጉ ግን አልነግራችሁም።

አንድ ወጣት ይህን ሳስረዳው «ፓስተር፣ የጥይት ድምፅ እየሰማን ስለ ወረቀት ታወራለህ?» አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የሆነውን፣ የተዘጋውን ትምህርት ቤትና የተቀበረውን ወጣት ሁላችንም እናውቀዋለን። ወረቀት ሁሉን ይፈታል ብዬ አልዋሸሁትም። ደግሞም በ2007 ዓ.ም. 294ቱንም መቀመጫ አንድ ፓርቲ ብቻ እንደያዘ፣ በዚያ ምክር ቤት የተለየ ድምፅ እንዳልነበረ ያስታውሳል። እንዲህ ስል ግን መለስኩለት፦ «ሰው መብቱ የት እንዳለ ካላወቀ መብቱ ሲወሰድበትም አያውቅም። ሰላም ሲመጣ የምንገነባው ምን እንደሆነ ዛሬ እንወቅ»። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ለክልል ምክር ቤት የወከለን ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ቀን ሁለታችንም አላወቅነውም ነበር፤ ጠይቀን ግን አገኘነው።

እናንተስ፣ የእናንተን ታውቁታላችሁ?

ለአገራችንና ለመሪዎቻችን መጸለያችንን አናቋርጥ። ጌታ ይባርካችሁ።