ያለቀው ጨዋታ ለምን እንደገና ይጀመራል? ከገበታና ከሰንጠረዥ እስከ ራንደማይዘር

አንድ ወጣት ከዓመታት በፊት የጨረሰውን፣ መንገዱን ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን የቪዲዮ ጨዋታ እንደገና ከፍቶ ለሰዓታት ተመስጦ ሲቀመጥ የተመለከተ ወላጅ፣ «ያለቀ ነገር ደግሞ ምን ይገኝበታል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስማርት ስልክና ላፕቶፕ በዲላ ከተማም ሆነ በጌዴኦ ዞን ወረዳዎች በወጣቶች እጅ እየገባ በመጣበት በዚህ ጊዜ፣ ጥያቄው የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። ከመልሶቹ አንዱ በጨዋታ ወዳጆች ዘንድ «ራንደማይዘር» እየተባለ የሚጠራው ነገር ነው።

ራንደማይዘር በነባር የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የሚጨመር አነስተኛ ፕሮግራም ነው። የጨዋታውን ሕግ እንዳለ ትቶ፣ በውስጡ የሚገኙትን ዕቃዎች፣ በሮች ወይም ፍጥረታት ቦታ በዕጣ ያቀያይራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት የጨዋታው ባለቤት የሆኑት ኩባንያዎች ሳይሆኑ፣ ጨዋታውን የሚወዱና የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ተጠቃሚዎች በጨዋታ ላይ የሚያደርጉት ለውጥ «ሞድ» ይባላል።

ራንደማይዘር ይበልጥ የሚወደደው ተጫዋቹ የአንድን ጀግና ሚና ወስዶ በሚጓዝባቸው ቆየት ያሉ ጨዋታዎች ላይ ነው። ጀግናው ጉዞውን ደካማና ባዶ እጁን ሆኖ ይጀምራል፤ መሣሪያ፣ ገንዘብና ዕውቀት እየሰበሰበ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ1987 በጃፓን የወጣው ፋይናል ፋንታሲ፣ እንዲሁም በ1996 በዚያው አገር የወጣውና በመጀመሪያው እትሙ 151 ፍጥረታትን የያዘው ፖኬሞን የዚህ ዓይነት ናቸው። በ1991 የወጣው የዜልዳ ጨዋታም ከእነርሱ ጋር የሚቀራረብ የጀብዱ ጉዞ ነው።

በእነዚህ ጨዋታዎች የመጀመሪያ ይዘት ሁሉም ነገር ቋሚ ቦታ አለው። ዛሬ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተገኘ ሰይፍ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ሣጥኑ ሲከፈት እዚያው ይገኛል። ስለዚህ ጨዋታውን አንድ ጊዜ የጨረሰ ሰው በሁለተኛው ጊዜ የሚደነቅበት ነገር ያጥርበታል። ራንደማይዘር የሚያፈርሰው ይህንን ቋሚነት ነው። ሰይፉ የነበረበት ሣጥን ሲከፈት ጥቂት ሳንቲም ብቻ ይገኝበት ይሆናል፤ ሰይፉ ደግሞ ማንም ባልጠበቀው ዋሻ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል።

ከጌዴኦ ጓሮ የተወሰደ ምሳሌ

ጉዳዩን ለመረዳት የጌዴኦን ጓሮ ማሰብ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው ይበቅላሉ። አርሶ አደሩ የራሱን ማሳ ጨለማም ቢሆን አይስተውም፤ የትኛው እንሰት ለመፋቅ እንደደረሰ፣ የትኛው የቡና እግር በየትኛው ዛፍ ጥላ ሥር እንዳለ ያውቃል።

ይህ አርሶ አደር ወደ ሌላ ቀበሌ፣ ወደማያውቀው ማሳ ቢወሰድ ግን ምን ይሆናል? እንሰቱም፣ ቡናውም፣ ዛፉም የሚያውቃቸው ናቸው፤ የተተከሉበት ቦታ ግን ሌላ ነው። በቃሉ የያዘው የቦታ ዕውቀት እዚያ አያገለግለውም። ጥላና ውኃ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ምን ከምን ጋር እንደሚስማማ የሚያውቀው ዕውቀት ግን አብሮት ይሄዳል፤ ጥቂት ተዘዋውሮ ካየ በኋላ የማሳውን ሁኔታ ያነባል።

ራንደማይዘር የሚፈትነው ይህንኑ ሁለተኛውን ዕውቀት ነው። የቦታ ትውስታን ዋጋ አሳጥቶ የአሠራር ግንዛቤን ያስከብራል። የጨዋታው ጀማሪ በተቀያየረው ዓለም ውስጥ ግራ ይጋባል፤ ነባሩን ጨዋታ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ግን በትንሽ ፍንጭ ብዙ ይረዳል። ያለቀው ጨዋታ እንደገና የሚጀመርበት ዋነኛው ምክንያት ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ለዓመታት ያከማቸው ዕውቀት በአዲስ መልክ ሥራ ላይ ይውላል።

ዕጣው የሚጣለው እንዴት ነው?

የማቀያየሩ መነሻ «የዘር ቁጥር» የሚሉት አንድ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ተቀብሎ በተወሰነ ስሌት ያባዛዋል፤ ከስሌቱ በሚወጣው ውጤት መሠረት ዕቃዎቹን ይደለድላል። ስሙ እንደሚያመለክተው ከአንድ ዘር አንድ ዓይነት ቡቃያ ይወጣል፤ ፕሮግራሙና ምርጫዎቹ እስካልተለወጡ ድረስ ያንኑ ቁጥር ያስገባ ሰው ሁሉ ያንኑ ድልድል ያገኛል። በዚህም ምክንያት አንዱ በዲላ፣ ሌላው በአዲስ አበባ ሆነው ማንም አስቀድሞ ባላየው፣ ነገር ግን ለሁለቱም እኩል በሆነ ዓለም ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ ሊወዳደሩ ይችላሉ።

የድልድሉ ብዛት ከግምት በላይ ነው። አምስት ዕቃዎች በአምስት ሣጥኖች ውስጥ 120 ዓይነት አቀማመጥ አላቸው። ዕቃዎቹና ሣጥኖቹ አሥር አሥር ቢሆኑ ቁጥሩ ወደ 3,628,800 ያድጋል። አንድ ሰው በየቀኑ አንዱን አቀማመጥ ቢጫወት እንኳ ሁሉንም ለማዳረስ ከ9,900 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በእውነተኛዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ ደግሞ የሣጥኖቹ ቁጥር ከአሥር እጅግ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ዝም ብሎ ማደባለቅ ጨዋታውን ያበላሸዋል። የቤት ቁልፍ በተቆለፈው ቤት ውስጥ ቢቀር በሩን የሚከፍተው አይኖርም። ጥሩ ራንደማይዘር ይህን ለመከላከል ዕጣውን በሥርዓት ያስራል። በስፋት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙ ተጫዋቹ ሁሉንም ዕቃ እንደያዘ አድርጎ ይነሣል። ከዚያ አንድ ዕቃ ይወስድና «ይህ ባይኖረው የት የት መድረስ ይችላል?» ብሎ ያሰላል። ዕቃውንም ተጫዋቹ ያለ እርሱ ሊደርስባቸው ከሚችሉት ቦታዎች በአንዱ ያስቀምጠዋል። በዚህ አኳኋን እስከ መጨረሻው ሲቀጥል፣ ድልድሉ ምንም ያህል ያልተለመደ ቢሆን ጨዋታው ሊጠናቀቅ የሚችል መሆኑ ይረጋገጣል።

ተጫዋቹም ይህንን ያውቃል። መንገድ የተዘጋ ሲመስለው መፍትሔው ሊደርስበት በሚችል አንድ ስፍራ እንዳለ እርግጠኛ ነው፤ ስለዚህ «ገና ያልፈተሽሁት የት ነው?» እያለ ያሰላስላል። የጨዋታው ጣዕም ያለው በዚህ ፍለጋ ውስጥ ነው።

አገር በቀል ዘመዶቹ

የታወቀን ጨዋታ በሌላ መልክ የመጫወት ፍላጎት ከኮምፒውተር ጋር የመጣ አይደለም። ገበታ ለዚህ ቅርብ ምስክር ነው። በድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ ጥንታዊ የገበታ ጉድጓዶች በየሃና በመጠራ ተገኝተዋል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ ከ100 በላይ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበዋል። በአንዳንዱ አካባቢ ሰሌዳው ሁለት ረድፍ፣ በሌላው ሦስት ረድፍ ነው። በኮንሶ ሕዝብ ዘንድ «ላምላሜታ» የሚባል፣ 24 ጉድጓዶች ያሉት አጨዋወት አለ። ጠጠር የመዝራቱ መሠረታዊ ሐሳብ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የጉድጓዱ ቁጥርና የመያዣው ሕግ ይለያያል። ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው የሄደ ተጫዋች የሚያውቀውን ጨዋታ እንደ አዲስ ያገኘዋል።

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ደግሞ ይበልጥ አስገራሚ ነው። በዘመናዊው ቼዝ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው ጀምሮ ተራ ይጠብቃሉ። በሰንጠረዥ ግን ጨዋታው የሚከፈተው «ወረራ» በሚባል ምዕራፍ ነው፤ የመጀመሪያው መማረክ እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን እጅ እየተከታተለ አሰላለፉን ይለዋውጣል። ይህ ዕጣ መጣል አይደለም፤ ውጤቱ ግን ከዕጣ ጋር ይመሳሰላል፤ አከፋፈትን በቃል አጥንቶ መምጣት አይጠቅምም።

በቼዝ የዓለም ሻምፒዮና የነበረው አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸርም በሌላ መንገድ ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ደርሷል። ተጫዋቾች አከፋፈቶችን በቃል እያጠኑ መምጣታቸው ጨዋታውን እንዳደረቀው ያምን ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1996 በቦነስ አይረስ ከተማ የኋላው ረድፍ በዕጣ የሚደረደርበትን ቼዝ አስተዋወቀ። እርሱም ዕጣውን በሥርዓት አስሮታል፤ ንጉሡ በሁለቱ ግንቦች መካከል መሆን አለበት፣ ሁለቱ ጳጳሳትም በተለያየ ቀለም ላይ መቆም አለባቸው። ይህን ሥርዓት የሚያሟሉት አሰላለፎች 960 ናቸው። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ2019 በዚሁ ዓይነት የዓለም ሻምፒዮና አካሂዷል።

ከውርርድ በምን ይለያል?

«ዕጣ» የሚለው ቃል ሲነሣ የብዙ ወላጆች ሐሳብ ወደ ቁማርና ወደ ስፖርት ውርርድ ይሄዳል። ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በውርርድ ገንዘብ ይያዛል፤ ተወራራጁ ከወሰነ በኋላም በውጤቱ ላይ ሥልጣን የለውም። በራንደማይዘር ገንዘብ አይያዝም፤ ዕጣው የሚወጣው በመጀመሪያ አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተጫዋቹ ሥራ ነው። ገንዘብ ከተያዘበት ግን ገበታም ቢሆን ቁማር ይሆናል፤ ስለዚህ ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው የጨዋታውን ስም ሳይሆን ገንዘብ ያለበት መሆን አለመሆኑን ነው።

ይህ ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእንስሳት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ከተጠበቀው ሽልማት ይልቅ አንድን ድርጊት ደጋግሞ እንደሚያስደርግ አሳይቷል። «የሚቀጥለው ሣጥን ምን ይዟል?» የሚለው ጉጉትም በዚሁ ጠባይ ላይ የቆመ ነው። አንድ ሣጥን ብቻ ብሎ የተቀመጠ ወጣት ሌሊቱ ሊነጋበት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ «የጨዋታ መታወክ» የሚለውን አካቷል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እየደረሰም ቢሆን መቀጠል። ሁኔታው እንዲህ ተብሎ የሚሰየመው በትምህርት፣ በሥራና በቤተሰብ ኑሮ ላይ ከባድ ጉዳት ሲያደርስና አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲቆይ ነው። ስለዚህ በእረፍት ቀን የሚጫወት ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ በፈተና ሰሞን ወይም ቤተሰቡ ለቡና ለቀማ እጅ በሚያጥረው ጊዜ እንኳ ማቆም ያልቻለ ልጅ ግን ትኩረትና ምክር ይሻል።

ሌላው ጥንቃቄ ፕሮግራሙ የሚገኝበትን ምንጭ ይመለከታል። ከማይታወቅ ምንጭ የሚወርድ ፋይል ስልክንና ኮምፒውተርን የሚያበላሽ፣ የይለፍ ቃልንም የሚሰርቅ ቫይረስ ሊይዝ ይችላል። የሞባይል ባንክ አገልግሎት በተጫነበት የቤተሰብ ስልክ ላይ እንዲህ ያለውን ፋይል መጫን አይመከርም። ነባሮቹ ጨዋታዎችም ባለቤት ያላቸው ሥራዎች ናቸው። በጥንቃቄ የሚሠሩ ራንደማይዘሮች የሚያቀርቡት ማሻሻያውን ብቻ ነው፤ ዋናው ጨዋታ በሕጋዊ መንገድ በተጫዋቹ እጅ መገኘት ይኖርበታል።

ወላጅና ልጅ በአንድ ሰሌዳ ፊት

የአገር ውስጥ ባለሙያዎችም በዘርፉ ገብተዋል። ቅኔ ጌምስ የተባለው ኢትዮጵያዊ ድርጅት «ኩኩሉ» የተሰኘውን ጨዋታና ገበታን በስልክ እንዲጫወቱ አድርጎ አዘጋጅቷል። ገበታን ከአያቱ የተማረ ወጣት ፕሮግራም መጻፍ ቢማር፣ የአካባቢውን አጨዋወት በስልክ ላይ ማስቀመጥ የሚችልበት መንገድ ክፍት ነው። ለዚህ ግን አስቀድሞ የአካባቢውን ሕግ የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት እያሉ ሊጠየቁ ይገባል፤ በቃል ብቻ የቆየ የአጨዋወት ሕግ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራል።

«ያለቀ ነገር ምን ይገኝበታል?» ብሎ የጠየቀ ወላጅ መልሱን በራሱ ልማድ ውስጥም ያገኘዋል። ገበታን ለሺህ ጊዜ የተጫወተ ሰው ጠጠሮቹን እንደገና የሚደለድለው ሕጉን ሊማር ሳይሆን፣ የሚያውቀው ሕግ ዛሬ ወዴት እንደሚወስደው ሊያይ ነው። ልጁም በማያ ገጹ ፊት የተቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ወላጅ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ «የትኛው ሣጥን ቀረህ? ለምንስ እዚያ ይሆናል ብለህ አሰብህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጁ ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ ይረዳል፤ ለማቆም ጊዜው ሲደርስም ንግግራቸው ከቁጣ አይጀምርም።