ስልኬ ስሟን ያላወቃት ጽጌረዳ

የአያቴ የእንጨት አጥር ሊፈርስ ነው፤ በምትኩ ብሎኬት ይቆማል። ቤተሰቡ ደስ ብሎታል። እኔን ያሳሰበችኝ ግን አጥሩን ተደግፋ የኖረችው ጽጌረዳ ናት። ፈዛዛ ሮዝ ናት፤ አምስት የአበባ ቅጠል ብቻ ያላት፣ መሀሏ ቢጫ። አበባ መሸጫ ቤት ከምናያቸው ድርብርቦች ጋር ምንም አትመሳሰልም።

ፎቶ አነሳኋትና ዕፅዋት ለሚለይ አፕ ሰጠሁት። ሦስት ፎቶ፣ ሦስት ስም! ጎረቤታችን ደግሞ «ቀጋ ናት» አሉኝ። ቀጋ ከሰሐራ በታች ያለች ብቸኛ አገር በቀል ጽጌረዳ ስለሆነች ግምታቸው አይናቅም። ግን የቀጋ አበባ ነጭ ነው።

ፍለጋዬ ወደ አንዲት ጥንታዊ ጽጌረዳ ታሪክ ወሰደኝ። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ከትግራይ በተሰበሰበ ናሙና ላይ ተመሥርቶ «ሮዛ ሳንክታ»፣ ማለትም «ቅድስት ጽጌረዳ» አላት፤ በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ትገኝ ነበርና። ስሙ ቀድሞ ለሌላ ጽጌረዳ ተሰጥቶ ስለነበር በኋላ በራሱ በሪሻር ስም «ሮዛ ሪቻርዲ» ተባለች። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብፅ ሀዋራ መቃብሮች ያገኘው የጽጌረዳ ጉንጉንም የእሷ ነው የሚሉ አሉ። አንዷ ወላጇ ሮዛ ጋሊካ ሳትሆን አትቀርም፤ በሁለተኛዋ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም። የእኛኑ ቀጋ የጠረጠሩም አሉ።

አበባዋም ፈዛዛ ሮዝና ባለ አምስት ቅጠል ነው። ልቤ ዘለለ! ግን የአያቴ ጽጌረዳ እሷ ናት ብዬ አልምልም። እንዲህ ያለ አበባ ያላቸው ጽጌረዳዎች ብዙ ናቸው።

የእኔ ስህተት አበባዋን ፊት ለፊት ብቻ ማንሳቴ ነበር። የድሮ ጽጌረዳ በመላ አካሏ ነው የምትለየው። የአበባውን ጀርባ፣ እሾሁን፣ ፍሬውን፣ ሙሉውን ቁጥቋጦ አንሱ። ቅጠሉን ከነዘንጉ አንሱ፤ በአንድ ዘንግ ላይ አምስት ናቸው ወይስ ሰባት? በዓመት አንዴ ነው የምታብበው ወይስ ደጋግማ? ሽታዋንም ጻፉ፤ እሱን ካሜራ አያነሳውም።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው ጠይቁ። «እማማ፣ ይቺ ጽጌረዳ ከየት መጣች?» አልኳት አያቴን።

«እናቴ ናት ከደብሩ ግቢ ቅርንጫፍ ለምና ያመጣቻት። እኔ ስወለድ እዚሁ ነበረች።»

ይህን የትኛውም አፕ አይነግረኝም። ወደ ደብሩ ሄድኩ። ጽጌረዳው በነበረበት ቦታ አሁን ሲሚንቶ ፈሶበታል። የእኛዋ ከጠፋች፣ ስሟን የሚያውቅ ባለሙያ ባገኝ እንኳ የማሳየው ፎቶ ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ከስሟ በፊት እሷን ማትረፍ ቀደመ። አበባቸው ከረገፈ፣ እርሳስ ከሚያህሉ ቅርንጫፎች አንድ አንድ ስንዝር ቆረጥኩ። ግማሻቸውን አፈር ውስጥ ቀብሬ፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ከስድስቱ አራቱ አቆጥቁጠዋል። ቅጠል አወጡ ማለት ግን ሥር ያዙ ማለት አይደለም፤ ነቅሎ ማየት ደግሞ ክልክል ነው!

ጀሪካኑ ላይ ቀኑን፣ የሰፈሩን ስምና «ከደብሩ፣ በእማማ እናት» የሚለውን ጽፌያለሁ። የዝርያዋን ስም ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። አጥሩ የሚፈርሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እናንተስ ግቢ ማን የተከላት ጽጌረዳ አለች? ዛሬውኑ ጠይቁ።