ማሽኑ ከወዴት ወዴት ይቁረጥ?

ከጋዝጊብላ ተነሥቶ ኮምቦልቻ መካኒካል ምህንድስና ሊማር የሄደ ወጣት ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን ፊት ሲቆም የሚገጥመው ጥያቄ አባቱ በየክረምቱ ማሳ ዳር ቆሞ የሚመልሰው ነው፦ ከወዴት ወዴት ልሂድ?

ሲኤንሲ በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ መቁረጫ ማሽን ነው፤ እየተሽከረከረ ብረቱን የሚቆርጠው ባለጥርስ መሣሪያ ከተር ይባላል። ሥራው በራፊንግ ይጀምራል። ራፊንግ ትርፉን ብረት አራግፎ ለመጨረሻው ልስላሴ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ማስቀረት ነው። እዚህ ላይ ውበት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ጊዜና የከተሩ ዕድሜ ነው።

ርዝመቱ 200፣ ወርዱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ብረት ላይ ከተሩ በየ10 ሚሊሜትሩ ይመላለስ እንበል። በርዝመቱ ከሄደ 5 ጉዞ ያደርጋል፤ በወርዱ ከሄደ 20 ጉዞ። የተቆረጠው መንገድ ሁለቱም ላይ 1000 ሚሊሜትር ነው። መዞሪያው ግን በመጀመሪያው 4፣ በሁለተኛው 19 ነው። ማሽኑ በየመዞሪያው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እንደገና ያነሣል። ጊዜው የሚባክነው እዚያ ነው።

ወደ አባቱ ማሳ ስንመለስ፣ በጋዝጊብላ አስከተማ ዙሪያ በእርከን መካከል ያለ ማሳ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ገበሬውም በርዝመቱ ያርሳል። በሬ በማዞር ጊዜ አይባክንም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ዳገቱን አቋርጦ እንጂ ቁልቁል ቢያርስ ትልሙ ለጎርፍ መንገድ ሆኖ አፈሩን ይወስድበታል። ማረሻ በትልሞቹ መካከል ያልታረሰ መሬት ስለሚተው ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን ማቋረጥ አለበት፤ ተዳፋት ላይ ግን ይኸው ልማድ ትልሙን ቁልቁል ያወርደዋል። እንግዲህ አቅጣጫ የሚመረጠው በፍጥነት ብቻ አይደለም፤ መሬቱ የሚችለውም ይታያል።

ብረትም የሚችለውና የማይችለው አለው። ከተሩ በሚሽከረከርበት ጊዜ ጥርሱ ከብረቱ ጋር በሁለት መንገድ ይገናኛል። በክላይምብ ሚሊንግ ጥርሱ ከፍርፋሪው ወፍራም ጫፍ ጀምሮ በቀጭኑ ይወጣል፤ ሙቀቱ ከፍርፋሪው ጋር ይሄዳል፣ ጥርሱም ዕድሜ ያገኛል። በኮንቬንሽናል ግን ከባዶ ስለሚጀምር መጀመሪያ ይፈትጋል፤ ፍትጊያው ያግላል፣ ያደነዝዛልም። ከተሩ በሰዓት አቅጣጫ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ያልተቆረጠው ብረት ወደ መሄጃው በስተቀኝ ሲሆን ክላይምብ ነው። ጠረጴዛውን የሚያንቀሳቅሰው ብሎን የላላበት አሮጌ ማሽን ላይ ግን ክላይምብ ጠረጴዛውን ስቦ ከተሩን ሊሰብር ይችላል፤ እንዲያ ሲሆን ኮንቬንሽናልን መምረጥ ነው።

ዚግዛግ ሁለቱን ያፈራርቃል፤ አንዱ ጉዞ ክላይምብ፣ መልሱ ኮንቬንሽናል ነው። ለአሉሚኒየም ብዙም አይከፋም። ጠንካራ ብረት ላይ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየቆረጡ በአየር መመለስ የከተሩን ዋጋ ያድናል፤ ምንም እንኳ መልሱ ጉዞ ባዶ ቢሆን። ለእኔ የተሻለው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው መንገድ ነው፦ ጉድጓድ ከሆነ መሀል ላይ እየተሽከረከሩ መውረድ፣ ከዚያ ከሰዓት በተቃራኒ እየዞሩ ወደ ውጭ መስፋት። ክላይምቡ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ ባዶ ጉዞም የለም።

ቀጭን ግድግዳ ያለበት ሥራ በርዝመቱ ቁረጥ የሚለውን ደንብ ያስረሳል። አንዱን ጎን እስከ ታች ጨርሶ ወደ ሌላው መዞር ግድግዳውን ያጎብጠዋል። ሁለቱን ጎን በየደረጃው እያፈራረቁ ማውረድ ይሻላል፤ ከታች ያልተቆረጠው ብረት ይደግፈዋል። ሥራው በሞርሳ ከተያዘም የከተሩ ግፊት ወደማይንቀሳቀሰው መንጋጋ እንዲሄድ አቅጣጫውን ማስላት ያስፈልጋል።

ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ የጉዞውን መስመር ማየት ይቻላል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ከተሩ ብረት ሳይነካ በአየር የሚሄድበት መስመር ነው፤ ቀጥሎ መዞሪያዎቹ። እነዚህ ከበዙ አቅጣጫውን 90 ዲግሪ አዙሮ እንደገና ማስላት ብዙ ጊዜ አይወስድም።