የጠላ ሻጯ ምስጢር

ቀረብ በሉ። ይህን ጮክ ብዬ አላወራውም።

በየሳምንቱ ኀሙስ ማታ በቴሌግራም ቻናሌ አንድ ክፍል ኮሚክ እለቃለሁ። አሳታሚ የለኝም፤ ደራሲውም ሠዓሊውም ፊደል ለቃሚውም እኔው ነኝ። የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ባለ ጭምብል ናቸው። አንቱ የምላቸው በምክንያት ነው፦ ሴት ይሁኑ ወንድ እስከ 40ኛው ክፍል ድረስ መታወቅ የለበትም።

በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ ፊት ለፊት ለሚነጋገሩ ሰዎች አንድ «ዩ» ለሁሉም ይበቃል። የእኛ ግስ ግን ምስጢር አይችልም። ባለ ጭምብል በር አንኳኩተው ገና «ና» ወይም «ነይ» ሲባሉ ታሪኩ አለቀ። ሁለት ወር ያህል ጀርባቸውን ብቻ እየሣልኩ፣ ማንም እንዳያናግራቸው እየተጠነቀቅሁ ገፋሁ። መውጫው የተገኘው ከእናቴ አፍ ነው። በር ላይ የቆመውን ማንነቱን እንኳ ሳታይ፣ ከጓዳ ሆና «ይግቡ፣ ይቀመጡ!» ስትል ሰማኋት። እርስዎ ጾታ የለውም! ከዚያ ወዲህ በታሪኬ ውስጥ ባለ ጭምብልን ያገኘ ሁሉ በአክብሮት ያናግራል። ጨለማ ውስጥ ጩቤ የመዘዘባቸው ሌባ ሳይቀር «ገንዘብዎን ያውጡ!» ነው ያላቸው። አንድ አንባቢ «ጨዋነት ያልጠፋበት ሥራ» ብሎ አመሰገነኝ፤ ዝም ብዬ ምስጋናዬን ተቀበልኩ።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። ብዙ ሰው የሚያደክመኝ ሥዕሉ ይመስለዋል። እኔን የሚገድለኝ ፊደሉ ነው። ገጸ ባሕርይ የሚናገርባት ባለ ጅራቷ ክብ የተሠራችው ቃሉ አጭር ለሆነ ቋንቋ ይመስለኛል። «ስላላስታወሰችኝም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ክቧን ከዳር እስከ ዳር ይሞላታል። የብራና ጸሐፊዎች ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። ቃልን ከቃል ሁለት ነጥብ ስለሚለይላቸው፣ መስመሩ ባለቀበት ቆርጠው የቀረውን ፊደል ወደ ታች ያወርዱት ነበር። እኔም አንዴ ሞከርኩት። «ፊደል ገድፈሃል» የሚል መልእክት ሌሊቱን ሙሉ ጎረፈልኝና ተውኩት። አሁን መጀመሪያ ንግግሩን አስቀምጣለሁ፤ ሰውየው በተረፈው ቦታ ይሣላል። ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ኮሚክ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲያወጣ መጀመሪያ ያየሁት ሥዕሉን አልነበረም፤ ክቦቹን ነበር። የሙያ በሽታ ነው።

አንድ የምንበልጥበት ነገር ግን አለ፤ ድምፅ። ዷ፣ ጧ፣ ቷ፣ ሿ እንላለን። ወጡ ተክ ተክ ይላል፣ ሰውየው ቱግ ይላል፣ ቤቱ ጭጭ ይላል። ጭጭን በትልቁ ጽፌ ባዶ ክፍል ላይ ሳኖረው የሚሰማኝን ደስታ አትጠይቁኝ።

ወደ ምስጢሩ ልመለስ። ረቂቄን የምጽፈው በሴት አንቀጽ ነው፤ እኔ ማን እንደሆነች ስለማውቅ። (እንዳትናገሩ።) መጨረሻ ላይ «ነይ»ን «ይምጡ»፣ «ስሚ»ን «ይስሙ» እያልኩ እለውጣለሁ። እንደኔ በየሳምንቱ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ የተሠሩ ጥቂት ክፍሎች ያስቀምጣል፤ እኔ ቋት እለዋለሁ። ለአንባቢ «ቋቴ ሙሉ ነው» እያልኩ እፎክራለሁ። አንድ ሰሞን ግን ፋሲካ ጠራርጎት ነበር። በዚያ ላይ መብራት ሄደ፤ ሲመጣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። ቸኩዬ ለቀቅሁት። ለአንድ ገጽ ብቻ የሣልኳት ጠላ ሻጭ ባለ ጭምብልን ቁልጭ አድርጋ «ተቀመጪ» አለቻቸው።

ስክሪንሾቱ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። በቀይ ተከብቦ መጣ፦ «ሌባው እንኳ እርስዎ ያላቸውን እሷ ለምን ተቀመጪ አለቻቸው?» ቴሌግራም የተለቀቀን ሥዕል መተካት ይፈቅዳል፤ ጣቴም ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምስሉ በየግሩፑ ዞሯል። ብቀይረው «አዎ፣ ሴት ናት» ብዬ መፈረሜ ነው። ድምፄን አጥፍቼ አንድ ሳምንት ተጨነቅሁ።

በሚቀጥለው ክፍል ጠላ ሻጯ ተመለሰች። ጺማሙን ወዛደር «አንቺ፣ ሒሳብሽን ክፈዪ!» ትለዋለች። ጎረቤቷን ደግሞ «ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ቡና ጠጣ» ትላታለች። ወንዱን በሴት፣ ሴቷን በወንድ የምትጠራ ተረበኛ ሆነችና አረፈች። ማንም ሰው ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ የምታቆላምጥ አንዲት እናት አያጣም። «ተቀመጪ»ም ምንም የማያረጋግጥ ቃል ሆነ። አንባቢው አበደ። «ከመጀመሪያው አስቦበት ነው!» ብለው ረጅም ትንታኔ የላኩልኝ አሉ፤ የፈገግታ ምልክት ብቻ መለስኩ። ዛሬ ከባለ ጭምብል ይልቅ የምትወደደው እሷ ናት። «ይህቺን ገጸ ባሕርይ እንዴት ፈጠርካት?» ለሚሉኝ ስለ ልጅነት ሰፈሬ የሆነ ነገር እቀባጥራለሁ።

ስለ ገንዘብም ትጠይቁኛላችሁ። ባሕር ማዶ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሪች በርሉ የሚባል አሜሪካዊ «ዘ ኦርደር ኦፍ ዘ ስቲክ» የሚለውን ኮሚኩን ሰዎቹን እንጨት አስመስሎ ይሥላል፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2012 ያለቁ መጽሐፎቹን ዳግም ለማሳተም በኪክስታርተር 57,750 ዶላር ጠየቀ። 14,952 ሰዎች ከ1.25 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጡት። በነፃ ላነበቡት ነገር! በዚያው ዓመት እጁ ክፉኛ ተጎድቶ ሥራው ተስተጓጎለ፤ ይህን ሳነብ ሽንኩርት መክተፍ ለጥቂት ጊዜ አቁሜ ነበር። የእኔ ኪክስታርተር ቴሌብር ነው። «ለሻይ» ተብሎ የሚላክ ገንዘብ አንዳንዴ የኢንተርኔት ፓኬጅ ይሸፍናል፣ አንዳንዴ እውነትም ለሻይ ብቻ ይሆናል።

የሚያስኬደኝ ስቲከሩ ነው። የሌባውን «ገንዘብዎን ያውጡ!» 512 ፒክስል አድርጌ ስቲከር ሠራሁት። ኮሚኩን አይተውት የማያውቁ የዕቁብ ሰብሳቢዎች ወሰዱት! አሁን ዕጣው በሚወጣበት ቀን ግሩፑ ውስጥ ይረጩታል። አክስቴም ልካልኛለች፤ የኔ ሥራ መሆኑን አታውቅም፣ ዕዳዬን ግን ታውቃለች።

አንድ ብቻ ልጨምርና ልተዋችሁ። ሜሪላንድ ያለች አንዲት እናት በድምፅ መልእክት ታጫውተኛለች። ልጇ አማርኛ ይሰማል እንጂ ፊደል አያነብም፤ እሷ እያነበበች እሱ ሥዕሉን ያያል። አንድ ቀን መልእክቷ መሀል ገባና በዚያ በተኮላተፈ አማርኛው «ሁሉም እንደ አያቴ ነው የሚያወሯቸው። አያት ናቸው አይደል?» አለኝ። እርስዎ ሲባሉ የሚሰማቸው አያቱ ብቻ ናቸው ለካ።

በእኔ ሐሳብ ጭምብሉ ስር ያለችው የ25 ዓመት ወጣት ነበረች። 40ኛው ክፍል ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ካለፉት ሁለት ሳምንታት ጀምሮ የባለ ጭምብል ጣቶች ላይ ቀስ እያልኩ ሽብሽብ እየጨመርኩ ነው። እስካሁን ማንም ስክሪንሾት አልላከም።