በየዕለቱ እርምጃ የአፓላሺያንን መንገድ ስለ መጨረስ

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጆርጂያ ግዛት ካለው ከስፕሪንገር ተራራ ተነሥቶ በሜይን ግዛት እስካለው እስከ ካታዲን ተራራ የሚደርስ፣ አፓላሺያን የሚባል የእግር መንገድ አለ። ርዝመቱ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር ሲሆን 14 ግዛቶችን ያቋርጣል። ሐሳቡን በ1921 ያቀረበው ቤንተን መካይ የተባለ የደን ባለሙያ ነው፤ መንገዱም ከዳር እስከ ዳር የተያያዘው በ1937 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በ1948 ኧርል ሼፈር የተባለ ሰው መላውን መንገድ በአንድ ጉዞ ፈጸመ። በ1955 ደግሞ አሥራ አንድ ልጆች ያሳደጉት ወይዘሮ ኤማ ጌትውድ በ67 ዓመት ዕድሜያቸው፣ በሸራ ጫማ፣ ብቻቸውን ሄደው ጨርሰውታል።

ይኸን መንገድ በአንድ ጉዞ የሚሄድ ሰው ከአምስት እስከ ሰባት ወር ያህል ሥራውን መተው አለበት። ደመወዝተኛ የሆነ፣ ልጆች የሚያሳድግ ወይም በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ይኸን ያህል ጊዜ ከየት ያመጣል? ስለዚህ አያሌ ሰዎች ሌላ ዘዴ ይዘዋል፤ ይኸውም በየሰፈራቸው የሚራመዱትን ርቀት በየማታው እየመዘገቡ በአፓላሺያን ካርታ ላይ ምልክታቸውን ወደ ሰሜን መግፋት ነው። ሒሳቡን የሚይዙ የእጅ ስልክ ፕሮግራሞች አሉ፤ ደብተርና እርሳስም ይበቃል። እንግዲህ በዚህ አኳኋን 3,500 ኪሎ ሜትር የሞላለት ሰው መንገዱን ጨርሷል ይባላልን?

መጀመሪያ አለካኩን እንመልከት። የአንድ አዋቂ ሰው እርምጃ 70 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል መላው መንገድ 5 ሚሊዮን እርምጃ ይሆናል። በቀን 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በ700 ቀን፣ ማለት ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀር፣ ይደርሳል። ነገር ግን ተራው እርምጃ ቈጣሪ የሚቈጥረው እርምጃን እንጂ ርቀትን አይደለም፤ ርቀቱን የሚያገኘው በተሰጠው የእርምጃ ልክ አባዝቶ ነው። ልኩ በ5 ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት ስሕተቱ በመላው ጉዞ 250 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በጆርጂያ ውስጥ ያለው መንገድ 126 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ አንድ ግዛት ሁለት ጊዜ ሳይራመዱ እንደ ማለፍ ያህል ነው። ስለዚህ ጀማሪው ዙሪያው 400 ሜትር በሆነ የሩጫ ሜዳ ሁለት ዙር ሄዶ እርምጃውን ይቍጠር፤ 800 ሜትርን ለዚያ ቍጥር ሲያካፍል የራሱን ልክ ያገኛል። በቀን 10,000 እርምጃ የሚለው ዝነኛ ልክም የሐኪሞች ትእዛዝ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የተለመደው ግን በ1965 በጃፓን ለገበያ ከወጣ የእርምጃ ቈጣሪ ስም ነው።

የትኛው እርምጃ እንደሚቈጠርም አስቀድሞ መወሰን ያሻል። በእውነተኛው መንገድ ላይ ውሃ ለመቅዳት ከድንኳን ወዲያና ወዲህ የሚባለው ከጉዞው አይገባም። በኛ አስተያየት ግን ቀኑን ሙሉ በሆስፒታል ውስጥ ስትመላለስ የምትውል ነርስ እርምጃዋን ብትቈጥር የሚያስነቅፋት ነገር የለም። የሚያስነቅፈው ደንቡን በመካከል መለወጥ ነው። ብስክሌት የሚነዳ ሰውም ኪሎ ሜትሩን እንዳለ መጻፍ አይገባውም፤ ድካሙ እጅግ ያነሰ ነውና፣ የአንድ ሰዓት ብስክሌትን እንደ አንድ ሰዓት የእግር መንገድ ቢቈጥር ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የከፍታ ነገር ነው። በመንገዱ ላይ ያለው ዳገት ሁሉ ቢደመር ወደ 140,000 ሜትር ይሆናል፤ በየኪሎ ሜትሩ ሲካፈል 40 ሜትር መውጣት ማለት ነው፤ ቍልቍለቱም እንዲሁ። በለጥ ያለ ሜዳ ላይ በቀን 5 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ሰው ይኸን ለማካካስ ከፈለገ በየቀኑ 200 ሜትር ይወጣ ዘንድ ግድ ነው። የአንዱ ፎቅ ከፍታ 3 ሜትር ቢሆን 67 ፎቅ በደረጃ መውጣት ነው! ስለዚህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ፣ በሜዳ የሄደው ሰው የመንገዱን ርዝመት ጨርሷል፣ መንገዱን ግን አልጨረሰም የሚል ነው። የፔንሲልቫኒያን ሹል ድንጋይና የኒው ሃምፕሻየርን ነፋስማ ተራሮች አናነሣም፤ እነርሱን የሚተካ ደረጃ የለም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር በሁለቱም ዘንድ ይመሳሰላል፤ እርሱም የቨርጂኒያ ነገር ነው። ከመንገዱ አንድ አራተኛው፣ ወደ 885 ኪሎ ሜትር፣ በዚህች አንዲት ግዛት ውስጥ ነው። እውነተኞቹ ተጓዦች እዚያ ስለሚይዛቸው መሰልቸት የታወቀ አነጋገር አላቸው። በቀን 5 ኪሎ ሜትር ለሚሄደው ደግሞ ቨርጂኒያ 177 ቀን ትፈጃለች፤ ግማሽ ዓመት ያህል ምልክቱ ከአንድ ግዛት አይወጣም። ደብተሩ የሚጣለው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ስለዚህ በግዛት ፈንታ በየከተማውና በየጫፉ ከፋፍሎ መቍጠር ይጠቅማል።

የመንገዱ ጠባቂ ማኅበርም መላውን የሄደ ሰው ባንድ ወቅት ቢፈጽመው ወይም በብዙ ዓመታት በየክፍሉ ቢጨርሰው እኩል ይመዘግበዋል፤ የሚቀበለውም የሰውየውን ቃል ነው። በካርታ የሚሄደው ሰው ይኸን ምዝገባ ሊጠይቅ አይችልም። ሁለቱን ልማዶች ግን፣ አለመቸኮልንና ለራስ ቃል መታመንን፣ ሊዋስ ይችላል።

ደረጃ መውጣት የሚሻ ሰው ከመጨረሻው ቢጀምር እንመክራለን። የካታዲን መውጫ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ1,200 ሜትር በላይ ያስወጣል፤ ይኸውም ከ400 ፎቅ ይበልጣል። በአንድ ቀን የሚችለው ጥቂት ነው፤ በቀን 60 ፎቅ ቢወጣ ግን ሳምንት ያህል ይበቃዋል፤ ጕልበቱ የሚያመው ሰው ሲወርድ አሳንሰር ይጠቀም።